አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ

ሀብትነሽ ነገሩ ልክ እንዳልነበረ ያስተዋለችው ሾፌሩ እንግዳው ከተቀበረ በኋላ ነው።

ማክሰኞ አመሻሽ የሚነዳት የጭነት መኪና ከሽንፋ መጥታ ከሻይ ቤቷ ጎን ወዳለው የማኅበሩ ግቢ ስትገባ በጆሮዋ ሰምታታለች። ዳገቱን እያፏጨች ወጣች፤ በሩ ላይ ታጠፈች፤ ቆመች። እንደ ቆመችም ጭጭ አለች። በዚያች ሰዓት ሀብትነሽ ሻይ ቤቷ ውስጥ ልጇን ዘሩን እጁን እያስታጠበችው ነበር። ከመተማ ዕቃ እያመጣ የሚነግደው ሙሐመድጣሂር ሻዩን ሲያማስል ማንኪያውን አቆመና ሳቀ።

«ኡም ዘሩ፣ የዘሩ እናት፣ ሰማሽ? ወላሂ፣ ዛሬስ እንግዳው ሲጋራ አልቆበታል!»

እሷም ሳቀች፤ ዘሩም ሳቀ። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም።

የእንግዳውን ሲጋራ ኮኪት ከተማ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ዓመት፣ በ1979 መኸር፣ ለገበሬዎቹ ማኅበር ሁለት የጭነት መኪኖች ለሙከራ ተሰጥተዋል። መልካቸው አንድ ነው፤ ጉልበታቸው ለየቅል። አንደኛዋ ቱርቦ የሚሉት የሞተር ጉልበት መጨመሪያ አላት፤ ሌላዋ የላትም። ሰሊጡ ተጓጉዞ ሲያልቅ ኮሚቴው የትኛዋ እንደምትሻል ይወስንና በዚያው ዓይነት ሦስት መኪኖች ይታዘዛሉ። ባለ ቱርቦዋን የሚነዳው እንግዳው ነበር፤ ሌላዋን ዘሩ። ሁለቱ በመጡ ቁጥር ሻይ ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነታረካሉ።

«የኔዋ ሰባ ኩንታል ጭና ያን ዳገት ስትወጣ እያየሃት» ይላል እንግዳው። «ያንተዋ እኮ አህያ ናት።»

«አህያ መሆኗን መች ጠላሁት! አህያ የሰጠሃትን ትበላለች። ያንተዋ ሙሽራ ግን ዘይቷ ካልጠራ ታኮርፋለች፤ ከመጥፋቷ በፊት ደግሞ ሲጋራ ካልተጨሰላት አትተኛም።»

«ሙሽራማ ታስጠብቃለች!»

እንግዳው መኪናዋን እንዳቆመ ሞተሯን አያጠፋም ነበር። ሲጋራ ይለኩሳል፤ ጭሶ እስኪጨርስ ሞተሩ ቀስ እያለ ያጉረመርማል፤ ቁራጩን ሲጥል ያጠፋታል። «ሮጣ መጥታ ትንፋሿን ሳትሰበስብ አፏን አልይዛትም» ይል ነበር። ዘሩ በአንጻሩ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ነው የሚያጠፋ።

ረቡዕ ጠዋት ዘበኛው የግቢውን ቁልፍ ሲከፍት እንግዳው መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሶ አገኘው። የጎማ መፍቻው ብረት መኪናዋ ሥር ወድቋል። ከተማው ሁሉ ማክሰኞ ማታ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ነበር፤ የሁሉም ስም ተጠርቷል። ዘበኛው አመሻሹን ለስብሰባው ሰው ሲጠራ ቆይቶ፣ ግቢውን የቆለፈው ወደዚያው ሲሄድ ነው። የተቆለፈው ግቢ ውስጥ የነበረው ዘሩ ብቻ ነበር፤ ጭነቱን እየጠበቀ መኪናው ውስጥ ተኝቶ። «እራቴን በልቼ ስገባ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ አየሁት» አለ ዘሩ እጁን የኋሊት ሲያስሩት። «ሙሽራው፣ ደከመህ? አልኩት። ዝም አለኝ። የተኛ መስሎኝ ተውኩት።»

በቀበሌው መጋዘን ዘጉበት። ዓርብ ረፋድ ላይ እስረኛ የጫነ መኪና ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ዘሩም በዚያ ይሄዳል ተባለ።

ሀብትነሽ ጎንደርን ታውቃታለች። በ1970 ባሏን አንድ ምሽት ከዚህችው በር ላይ ጠሩት፤ «ለጥያቄ ነው» አሏት። ካፖርቱን እንኳ አልወሰደም፤ ከጎንደርም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ በሯን ትቀረቅራለች፤ ማንም ቢጠራ አትከፍትም። ረቡዕ ማታ ግን መቀርቀሪያው በእጇ ላይ ቀረ። ዘሩ ውጭ እያለ በር መዝጋት እሱንም እንደ አባቱ መሸኘት መሰላት። ከፍታው ተቀመጠች። ባለፈው ቀን መኪናዋ በገባችበት ሰዓት ከግቢው በኩል ሞተር ሲያጉረመርም የሰማች መሰላት። ተነሥታ ወጣች። ሁለቱ መኪኖች እንደ ቆሙ ናቸው፤ ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው የማክሰኞው ዝምታ ትዝ ያላት።

እንግዳው አላጠፋትም። እንግዳው እንደዚያ አያጠፋም። ታዲያ እንደ ቆመ የሚያጠፋ ማን ነው? ከተማው ሁሉ ምን እንደሚመልስ አወቀችው። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሐሙስ ጠዋት ከመተማ ሃምሳ አለቃ ውባንተ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ ጥርሱን ስለሚያመው ጉንጩ ውስጥ ቅርንፉድ ይዞ ነው የሚናገር። ከማንም ጋር ሳይነጋገር ወደ ግቢው ገባ። ሀብትነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ታየው ነበር። የሾፌሩን በር ከፍቶ ብዙም አልቆየም፤ የተሳፋሪውን በር ከፍቶ ግን እንደ ተንበረከከ ረጅም ጊዜ ቆየ። ወለሉን ዳበሰ፤ ጣቶቹን አሸተተ። ከወንበሩ ሥር እፍኝ ሙሉ ስፖንጅ አወጣና አየው። ከዚያ ወጥቶ ሻይ ቤቷ ገባ።

«እት ሀብትነሽ፣ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም አሉኝ። ሰዎቹን እዚሁ ባነጋግር ይከፋዎታል?»

«ኧረ ምን ከፋኝ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

መጀመሪያ የመጣው የማኅበሩ የመሣሪያ ኃላፊ ደምለው ነው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከሀብትነሽ ሐዘን ይልቅ የራሱ ድካም የከበደው ይመስላል።

«ማክሰኞን የት ዋሉ ጓድ ደምለው?»

«አውድማ ላይ። ከደጋ ለአጨዳ የመጡትን ሳሉጎች ሳሠራ ውዬ በእግሬ ነው የመጣሁ። በአንድ ሰዓት ስብሰባ ገባሁ፤ ስሜ አለ።»

«እንግዳውን መንገድ ላይ አላገኙትም?»

«አላገኘሁትም። ያችን መኪናም ከመጣች ጀምሮ አልወጣሁባት። እኔ የትራክተር ሰው ነኝ፤ ጋቢናዋ ምን እንደሚመስል አላውቅ።»

«ታዲያ የትኛዋ ትሻላለች ይላሉ?»

«ይህ ምን ጥያቄ አለው! ቱርቦ የሌላት ናት። ለኛ ቆላ ቱርቦ ቅንጦት ነው። በወሯ ስትጨስ ሁሉም አይቷታል። ዘሩም ይህንኑ ነው ሲል የከረመ።» ሀብትነሽን ገልመጥ አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወጣት ነገር ሆኖ ክርክሩን ወደ ጠብ ወሰደው እንጂ።»

ሀብትነሽ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ደምለው ሲወጣ ውባንተ ሻዩን እንደ ቀዘቀዘ ትቶ መደርደሪያውን ይመለከት ነበር።

«ከስኳሩ ጣሳ ጎን ያለው ጠርሙስ ላምባ ነው?»

ደነገጠች። ረስታዋለች። «የሟች ነው። ሰኞ ዕለት ነው የሰጠኝ። ረቡዕ ለኮሚቴው አሳየዋለሁ፣ ጋቢና ውስጥ ይሰበርብኛል ብሎ።»

«እዚህ መኖሩን ማን ያውቃል?»

«ማንም። እኔም ምንነቱን አላውቅ።»

ውባንተ ቡሹን ነቅሎ ፈሳሹን በጣቶቹ መካከል አሸው። ጥቁር ነው፤ ይሻክራል። «የሟቹ ኪስ አልተነካም» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ወንበሩ ግን ተቀዷል። ጠርሙስ የሚደበቅበት ቦታ ሁሉ ተፈትሿል።»

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ጀይሉ ከሽንፋ ደረሰ። የእንግዳው ወዳጅ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጠርሙሱን ሲያይ ገና ሳይነካው ራሱን ነቀነቀ።

«የተቃጠለ ዘይት ነው። ከሌላ ሞተር የወጣ፣ በጨርቅ ተጣርቶ ተመልሶ የተሞላ።»

«መጋዘን ያለው በርሜል አዲስ ነው ብለውኛል።»

«በርሜሉማ አዲስ ነው።»

ውባንተ ፈገግ ሊል ሲል ጥርሱ ከለከለው። «የዘሩ መኪና ውስጥስ?»

«ያው ነው ያለው። ቱርቦ የሌላት ትችለዋለች፤ ዓመት ሁለት ዓመት ዝም ብላ ትሄድና አንድ ቀን ትሞታለች። ቱርቦ ግን እንደ እሳት ይግላል፤ የሚያቀዘቅዘው ይኸው ዘይት ነው። ዘይቱ ከተበላሸ በወሩ ይጮኻል፣ ይጨሳል። እንግዳው ነው ጥርጣሬ ገብቶት የቀዳው።»

«አዲሱስ ዘይት የት ሄደ?»

«ድንበር ቅርብ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው።»

«ማክሰኞ እንግዳውን ስታየው ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር። ሞተር ማጥፊያዋ ሽንፋ ላይ ተበጥሶበት በሽቦ ሠራሁለትና በዘጠኝ ሰዓት ሄደ። እኔ እዚያው አደርኩ።»

«ሽቦውን በየት አወጣኸው?»

ጀይሉ አፉን ሊከፍት ሲል ውባንተ ጆሮውን አስጠጋለት። የቀረውን ሀብትነሽ አልሰማችም።

ጀይሉ ከሄደ በኋላ ብዙ ሳይቆይ አንድ የሰሊጥ መኪና ደጃፏ ላይ ቆመና ሞተሩ ጠፋ። ከሀብትነሽ እጅ ብርጭቆ ወደቀ። ውባንተ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን አብሯት ይለቅም ጀመር።

«እት ሀብትነሽ፣ ብርጭቆው የወደቀው መኪናው ሲመጣ አይደለም፤ ሲጠፋ ነው።»

«እጄ ደክሞ ነው።»

«ማክሰኞ ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

ተነሥቶ ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ነገ ረፋድ ላይ ያ መኪና ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቢነግሩኝ ለኔም ለልጅዎም አይረባም።»

የባሏ ካፖርት አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላነሣችውም። «ብናገር እኔው ራሴ አሳልፌ እሰጠዋለሁ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «እንግዳው እንደዚያ አያጠፋም። እንደ ቆመች ጠፋች። ሙሐመድጣሂርም ሲጋራ አልቆበታል ብሎ ሳቀ። ሁሉም የሚለውን አውቀዋለሁ። ወዲያው የሚያጠፋ ዘሩ ነው ይላሉ!»

ውባንተ ቅርንፉዱን ማላመጥ አቆመ። «ስትጠፋ አንቺ—» ብሎ ጀመረና ራሱን አረመ። «አንቱ የት ነበሩ?»

«እዚህ። ውኃ እያፈሰስኩ።»

«ለማን?»

«ለዘሩ። እጁን ሊታጠብ...»

«እጁ ከእጅዎ ሥር ነበራ።»

ከረቡዕ ጀምሮ ያችን ዝምታ ስትሰማ አድራለች፤ ስታፈሰው የነበረውን ውኃ ግን አንዴም አላሰበችውም። «እናቱ ነኝ እኮ» አለች በሹክሹክታ። «የእናት ቃል ማን ይቀበላል?»

«የሳቀ ሰው አለ አላሉኝም? እሱን አስመጣለሁ።»

ሙሐመድጣሂር ግን ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ድንበሩን ተሻግሯል፤ በዚህ ጊዜ ይመለሳል የሚል የለም። በዚያ ምሽትም በሩ ክፍት ሆኖ አደረ።

ዓርብ ማለዳ ውባንተ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። የኮሚቴው ሰዎች መጡ፤ ደምለው መጣ፤ ዘሩን ሁለት ታጣቂዎች እንደ ታሰረ አመጡት። ሀብትነሽ የልጇን ከንፈር አየች፤ ደርቋል። የሙሐመድጣሂር ቦታ ባዶ ነበር። የጎንደሩ መኪና ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ጀይሉ የባለ ቱርቦዋን ሞተር አስነሥቶ ነበር። ጩኸቱ ጆሮ ይሰነጥቃል፤ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው።

«ኮሚቴው ዛሬም መኪና መምረጥ አለበት» አለ ውባንተ እየጮኸ። «እኔም... ኧረ ይህ ነገር አላነጋገረንም! ፍቱትና ዘሩ ያጥፋልን።»

ዘሩን ፈቱት። ጋቢናው ላይ ወጥቶ ማጥፊያውን ሲስበው እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ግራ ገብቶት መሪው ሥር ዳበሰ፤ ወለሉን አየ። «ተበጥሷል እኮ! በየት ነው የሚጠፋ?»

«ዘይቷ ጎድሏል!» ብሎ ጀይሉ ጮኸ። «አሁን ሞተሯ ነክሶ ይሞታል!»

«ውረድ አንተ ቀርፋፋ!» ደምለው ዘሩን በክንዱ ገፍቶ ደረጃው ላይ ወጣ። እጁን ከወንበሩ ጀርባ ሰደደ፤ አላየም፣ አልፈለገም፤ ሳበ።

ሞተሩ ጭጭ አለ።

ሀብትነሽ ያችኑ ዝምታ አወቀቻት። በማክሰኞዋ አመሻሽ ጆሮዋ ውስጥ የቀረችው እሷው ናት። «እግዚኦ» አለች።

«ይውረዱ ጓድ ደምለው» አለ ውባንተ በቀስታ። «ያች ሽቦ ከወንበሩ ጀርባ መሆኗን ማን ነገረዎ?»

«የ... የመሣሪያ ኃላፊ አይደለሁ? አውቃለሁ።»

«ጀይሉ፣ መቼ ነው ያሰርካት?»

«ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት። ሽንፋ ላይ።»

«ከዚያ ወዲህ መኪናዋ የሄደችው አንድ መንገድ ነው፤ ከሽንፋ እስከዚህ። ሽቦዋን የሚያውቅ በዚያ መንገድ ላይ ጋቢናው ውስጥ የነበረ ነው። አንቱ ደግሞ ወጥቼባት አላውቅም ብለውኛል።» ውባንተ ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሬሳው የተገኘው መሪው ላይ ነው፤ ደሙ የፈሰሰው ግን በተሳፋሪው በኩል ወለሉ ላይ ነው። የሞተ ሰው ከዚያ ወንበር ወደዚህ አይዛወርም። ስለዚህ እንግዳው መንገድ ላይ ተመትቶ እንደ ተሳፋሪ ተጭኖ መጥቷል፤ ሌላ ሰው ነድቶታል።»

«ምስክር የለህም!» አለ ደምለው።

ያን ጊዜ በበሩ በኩል አቧራ የለበሰ ሰው እያለከለከ ገባ። ሙሐመድጣሂር ነበር፤ ከአንድ ፖሊስ ጋር። «አለሁ! ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ወገቤ ተሰበረ!» አለ። «ኡም ዘሩ፣ ሌሊቱን በበቅሎ ነው ያመጡኝ።»

«ማክሰኞ ማታ ምን ብለው ሳቁ?»

ነጋዴው ዙሪያውን አየ፤ ፊቱ ላይ ያለው ቀልድ ጠፋ። «እንግዳው ሲጋራ አልቆበታል አልኩ። መኪናዋ እንደ ቆመች ስለ ጠፋች። አላህ ይማረው፤ እንደዚያ አጥፍቶ አያውቅም።»

«ዘሩስ?»

«ዘሩ ፊቴ እጁን ይታጠባል። ሳሙናው እኮ ዓይኑ ገብቶ ሰደበን።»

«እንግዲህ ስሙ» አለ ውባንተ። «ሁላችንም እንግዳው በሕይወት ገብቶ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የተገደለ መስሎን ነበር። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ስሙ የተጠራ ሁሉ ነጻ ሆነ፤ ዘሩ ብቻውን ቀረ። ነገር ግን ያችን ሞተር ያጠፋው እንግዳው አይደለም፤ እሱ ሞቷል። ዘሩም አይደለም፤ እናቱ ፊት ነበር። ያጠፋት ሰው ሬሳውን መሪው ላይ አስቀምጦ፣ ጋቢናውን ፈትሾ፣ በኋላው አጥር ወጥቶ ስብሰባው ላይ በጊዜ ደረሰ። የፈለገውን ግን አላገኘም።» ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ። «ይኸውና። ሁለቱም መኪኖች የሚጠጡት የተቃጠለ ዘይት። አንዷ ቻለችው፤ አንዷ ተናገረች። አዲሱን ድንበር አሻግረው የሸጡት የመጋዘኑን ቁልፍ የያዙት ጓድ ደምለው ናቸው፤ የምትችለዋን ለመምረጥ የቸኮሉትም ለዚህ ነው።»

ደምለው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰፊ ትከሻው ሟሸሸ። «አውድማው ጋ አየኝና አሳፈረኝ» አለ ማንንም ሳያይ። «መንገድ ላይ ለሽንት ቆመን፣ ነገ የዘይቱን ጠርሙስ ለኮሚቴው አሳያለሁ፤ የሠራኸው አንተ ከሆንክ አስቀድመህ ተናገር አለኝ። ለኔ ብሎ ነው። እኔ ግን... የኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ የተረሸነ አይቻለሁ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ብረቱ እጄ ውስጥ ነበር።» ቀና ብሎ ሀብትነሽን አያት። «ዘሩ ውስጥ መተኛቱን አላሰብኩም።»

«ሲያስሩትስ አላዩም?» አለች ሀብትነሽ።

የጎንደሩ መኪና በዘሩ ፈንታ ደምለውን ይዞ ሄደ። ሀብትነሽ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች፤ አልተደሰተችም። የደምለውም ሚስት በበሯ ላይ ቆማ ነበር።

ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። አንድ ወር ሙሉ ለአህያዋ ሲከራከር የከረመው ዘሩ ተነሥቶ ቱርቦ ያላት ትታዘዝ አለ። «ጥፋታችንን የምትናገር ትሁንልን» ከማለት በቀር አልጨመረም። የእንግዳውንም መኪና ለሱ ሰጡት።

አመሻሹ ላይ ሀብትነሽ መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ ሰማች። በሩ ላይ ታጠፈች፤ ቆመች። ሀብትነሽ መቀርቀሪያውን ይዛ አዳመጠች።

ሞተሩ አልጠፋም። ቀስ እያለ ያጉረመርማል።

በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። ዘሩ ሲጋራ አያጨስም። አንድ ለኩሶ መርገጫው ብረት ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቆሟል፤ እጆቹን አጣምሮ። ጢሱ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል። ሲጋራው ቀስ እያለ አጠረ፤ ቀይ ጫፉ ጠፋ። ያን ጊዜ ዘሩ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ሽቦዋን ሳበ።

ሲገባ እጁን አስታጠበችው፤ ምግቡን አቀረበችለት። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ያለውን ካፖርት አውርዳ ትከሻው ላይ ጣለችለት፤ ተመልሳም በሩን ገጠመች፣ መቀርቀሪያውን ወረወረች፣ በእጇ ገፋ አድርጋ መያዙን አየች።